ሥራ ሳይለቁ፣ ከሀዋሳ ሳይወጡ በዓለም አቀፍ ፖሊሲ ማስተርስ እንዴት ይሠራል?

ዓለም አቀፍ ፖሊሲ ንግድን፣ የአገር ዕዳን፣ የአየር ንብረትን፣ ስደትንና የሕዝብ ጤናን ከአንድ አገር ወሰን አልፎ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ሀዋሳ ላይ በክልል ቢሮ፣ በባንክ፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠራ ሰው ደመወዙን ሳያቋርጥ ሊጨርሰው ይችላል። መሀል ላይ የሚያቋርጡት ብዙዎቹ ግን ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ ሰዓታቸውን ሳያሰሉ ስለተመዘገቡ ነው። ስለዚህ የሂሳብ ማሽኑ ከማመልከቻው ይቀድማል።

1. ሰዓቱን ያስሉ

የእንግሊዝ ማስተርስ በተለምዶ 180 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ስለሚታሰብ በድምሩ 1,800 ሰዓት ይሆናል። በ2 ዓመት ልጨርስ ካሉ በሳምንት ከ17 ሰዓት በላይ፣ በ3 ዓመት ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልግዎታል። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው የ3 ዓመቱን እንመክራለን። የ2 ዓመቱ ዕቅድ ልጅ ለሌለውና መስክ ለማይወጣ ሰው ነው።

11 ሰዓት ተኩሉ ሲከፋፈል ይህን ይመስላል፦ በሳምንት አራት ቀን ከንጋቱ 11:00 እስከ 12:30፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 8:00። ማታ አጠናለሁ የሚል ዕቅድ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል፤ ስብሰባው ያመሻል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ድካሙም አለ። እሑድን ባዶ ይተዉት። እድሩ፣ ለቅሶውና ሰርጉ እርስዎን ሳይጠራ አይቀርም፤ እሑድን የሞላ ሰው ደግሞ የሚቀንሰው ከቅዳሜው ነው።

ከዚያ የሥራ ቤትዎን የጭንቅ ወራት በቀን መቁጠሪያው ላይ ያስምሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ሰኔ ላይ እረፍት የለውም፤ ዩኒቨርሲቲው ሞጁል (ለብቻው የሚወሰድ አንድ ኮርስ) የማስተላለፍ ዕድል ከሰጠ በዚያ ወር አዲስ አይክፈቱ። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ የሚቀበሉበት የጃንዋሪ ወር ከገናና ከጥምቀት ጋር ይገጥማል። ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብሩ ደግሞ ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑት፣ በዚያ ሰሞን የሚገባ ሥራ ካለ ከሳምንት በፊት ይጨርሱት።

2. ትምህርቱን ይምረጡ

በብር ከፍለው እዚሁ መማር ከፈለጉ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲን የሕግና አስተዳደር ኮሌጅ የማታና የቅዳሜና እሑድ ማስታወቂያ ይመልከቱ። አገር ውስጥ ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ የመመዝገቢያ ጊዜው አጭር ስለሆነ ማስታወቂያውን በየሳምንቱ ይከታተሉ።

ኦንላይን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክፍያው ሳይሆን «የቀጥታ ክፍለ ጊዜ አለ ወይ? በስንት ሰዓት?» የሚለው ነው። ለንደን ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ክፍል በክረምታቸው ለእኛ ምሽት 3 ሰዓት፣ በበጋቸው 2 ሰዓት ነው፤ ይቻላል። ኒውዮርክ ላይ በዚያው ሰዓት የሚጀምር ክፍል ግን ለእኛ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለውን የተቀዳ ትምህርት ካልሰጠ በስተቀር ይለፉት። እንግሊዞች ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካኖቹ በማርች ሁለተኛና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ሰው ክፍል ያመልጠዋል።

ከመክፈልዎ በፊት ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን «ከዚህ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ለሚገኝ ዲግሪ የአቻ ግምት ይሰጣል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱን ይዘው የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ኃይል ክፍል ያነጋግሩ። ለደረጃ ዕድገት የማይያዝ ዲግሪ እንደሆነ ከተመረቁ በኋላ መስማት መራራ ነው።

ልሞክረው ለሚል ሰው የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ የፖሊሲ ዳታና ኢኮኖሚክስ ኮርሶች ጥሩ መግቢያ ናቸው። ትምህርቱን በነፃ መከታተል ይቻላል፤ ፈተናውን ወስደው የምስክር ወረቀት ሲፈልጉ ብቻ፣ በገቢዎ መጠን የሚተመን ክፍያ አለ።

ስለ ስኮላርሺፕ አጭሩ ነገር፦ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ነው፣ ለርቀት ትምህርት አይከፍልም። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ደግሞ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አገሮች ማኅበር አባል ስላልሆነች ለእኛ ክፍት አይደለም። በእነዚህ ጊዜ ከማባከን የዩኒቨርሲቲውን የራሱን የክፍያ ቅናሽ ይጠይቁ።

3. ሰነድ

ይህን ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ይጀምሩ። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ተመራቂ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት መጀመሪያ ክፍያውን መጨረስ አለበት፤ ለዚያም ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትና ከገቢዎች ማመላለስ አለ። ሬጅስትራር ሲሄዱ ትራንስክሪፕቱ ብቻ ሳይሆን የተማሩበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ይጠይቁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው በአይልትስ ፈንታ ይቀበሉታል፤ አይልትሱ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድና ከ2 ዓመት በላይ የማያገለግል ነው።

የስም ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ማመልከቻ የሚያዘገየው ግን እሱ ነው። «ሐሰን» ዲግሪው ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ሊጻፍ ይችላል። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን አንዱ የአባቱን ሌላው የአያቱን ያስገባል። ሁሉንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሙሉ፤ ልዩነት ካለ ከማመልከትዎ በፊት ሬጅስትራሩ አንድ ሰው መሆንዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጻፍልዎ።

4. ክፍያ

ክፍያን በሞጁል የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ይምረጡ፤ ዕቅድዎንም በዛሬው የዶላር ዋጋ ብቻ አይሥሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ወደ ባንክ ሲሄዱ የመግቢያ ደብዳቤውን፣ የዩኒቨርሲቲውን የሂሳብ ቁጥር የያዘ ኢንቮይስና ፓስፖርት ይያዙ፤ የክፍያው ቀን ከመድረሱ ከአንድ ወር በላይ አስቀድመው ይጀምሩ። ሲሞሉ ሁለት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ የተማሪ ቁጥርዎ በማስታወሻው ቦታ ይጻፍ፤ ያለዚያ ገንዘቡ ደርሶም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ የማስተላለፊያው ወጪ በሙሉ በላኪ እንዲሆን ይጠይቁ። አለበለዚያ መሀል ላይ ያለው ባንክ ቆርጦ ያስቀርና ጥቂት ፓውንድ ስለጎደለ ምዝገባዎ ይታገዳል።

5. ጥናትና ጽሑፍ

የሳምንቱን ንባብ ሰኞ ሌሊት አውርደው ይጨርሱ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ሁለቱም ይኑርዎ፤ ላፕቶፑ ተሞልቶ ይደር። የማስረከቢያውን ሰዓት ወደ እኛ ቀይረው ይጻፉት፦ የለንደን እኩለ ቀን ለእኛ ቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ ማለትም ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ላይ ያሉበት ሰዓት። ስለዚህ የእርስዎ የማስረከቢያ ጊዜ የዋዜማው ምሽት ነው።

የመጀመሪያው ውጤት 62 ሆኖ ሲመጣ አይደንግጡ። በእንግሊዝ ማስተርስ ማለፊያው 50 ነው፣ 60 ጥሩ፣ 70 ደግሞ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ ነጥብ የሚቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛው አይደለም፤ ሪፖርት መጻፍ የለመደ ሰው ሁሉን ዘርዝሮ አቋሙን ሳይናገር ስለሚጨርስ ነው። አቋምዎን በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀምጡ።

የመመረቂያ ጽሑፉ 60 ክሬዲት፣ ማለትም 600 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 11 ሰዓት ተኩል ሲካፈል አንድ ዓመት ሙሉ ይወስዳል። ርዕሱን ከሚያውቁት ቦታ ይውሰዱ። ሀዋሳ ላይ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሻለ የለም፦ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፣ ትልቁ ባለሀብት የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኖቬምበር 2021 ለመውጣት ወሰነ፣ አሜሪካ ደግሞ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አስወጣች። «አጎዋና ኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ግን ለመጽሐፍም ይሰፋል። «ከእገዳው በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት በሀዋሳ ፓርክ የቀሩ አምራቾች ምርታቸውን ወደ የትኛው ገበያ አዞሩ?» ቢሉ በ600 ሰዓት ያልቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመሥሪያ ቤቶቻችን መረጃ በበጀት ዓመት ነው፤ የ2014 በጀት ዓመት ከጁላይ 2021 እስከ ጁላይ 2022 ይሄዳል፤ እገዳው የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ መሀሉ ላይ ነው። የዓመቱን ድምር እንዳለ ከወሰዱ «በፊት» እና «በኋላ» የሚባለው ይደባለቃል፤ የሩብ ዓመቱን ቁጥር ይጠይቁ። ሌላው፣ ሠራተኛም ሆነ ኃላፊ ከማነጋገርዎ በፊት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ በእጅዎ ይግባ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጽሑፉ ውስጥ አይገባም።