የቪዚጎቶችን የወርቅ ሳንቲም ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ክብደቷ 1.5 ግራም ገደማ። ትሬሚሲስ ትባላለች፤ የሮማውያኑ የወርቅ ሳንቲም የሶሊደስ ሲሶ ናት። ትንሽ ስለሆነች ቸኩሎ የሚያያት ይሳሳታል።

ትልቁ ስህተት የተጻፈውን ስም ብቻ ማመን ነው። አናስታስዮስ ወይም ዮስጢንያኖስ የሚል የሮም ንጉሥ ስም ስላለባት ከመናገሻቸው ከቁስጥንጥንያ መጣች ማለት አይደለም። ቪዚጎቶች የሚባሉት የጀርመን ወገን ሕዝቦች መጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይ ቱሉዝ፣ በኋላም ስፔን ሆነው ከመቶ ዓመት በላይ በሮም ነገሥታት ስም ሳንቲም ቀርጸዋል። ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚያምነው ያንን ስም ነበራ! ስለዚህ ጠጋ ብለው ይዩ። ፊደሎቹ የተዛነፉ ናቸው። ክንፍ ያላት የድል ምስል መስመር በመስመር ሆና አንበጣ መስላለች። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የንጉሡ ደረት ላይ መስቀል አለ።

በ580 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የቪዚጎቶቹ ንጉሥ ሊዮቪጊልድ የራሱን ስም አስቀረጸ። እዚህ ላይ «ከሮም ነገሥታት ውጭ ስሙን በወርቅ ላይ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ንጉሥ» የሚሉት አሉ። አይደለም። የጎረቤቶቻቸው የፍራንኮቹ ንጉሥ ቴዎድበርት ቀድሞታል። የእኛው የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ ደግሞ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን በወርቅ ላይ አስቀርጿል።

ፊቱን አይቶ «ንጉሡ እንዲህ ነበር» ማለትም አያስኬድም። ከሊዮቪጊልድ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በብዙዎቹ ላይ በሁለቱም በኩል ፊት አለ፤ ሁሉም በጥቂት ጭረት የተሣለ ነው። ወሬው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። የተቀረጸችበትን የስፔን ከተማ ይነግርዎታል፤ ኤሜሪታ ካለ ሜሪዳ፣ ኢስፓሊ ካለ ሴቪያ ነው። እኔ በጣም የምወዳት ሊዮቪጊልድ ከዓመፀኛው ልጁ ከሄርመኔጊልድ ከተማ ካስለቀቀ በኋላ ያስቀረጻትን ነው። «ኮርዶባን ዳግም ያዘ» ትላለች። የአባትና የልጅ ጦርነት በ1.5 ግራም ወርቅ ላይ!

ሁለት ሰዎች መስቀል መሐል አድርገው ፊት ለፊት ሲተያዩ ካዩ ደግሞ ባልና ሚስት እንዳይመስልዎ። አብረው የነገሡት አባትና ልጅ፣ ኤጊካና ዊቲዛ ናቸው።

ቀለሟ ገረጣ ብለው ፎርጅድ ናት አይበሉ። በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ዘመን ወርቁ በብር እየተደባለቀ ነበር። በተቃራኒው ወርቅ መሆኗ ብቻም ማረጋገጫ አይሆንም። ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቪዚጎቶችን ሳንቲም ሳይቀር አስመስሎ ቀርጿል። ባለሙያ ሳያሳዩ አይግዙ።

ገዝተው ከሆነም እባክዎ አይፈትጓት። ጭረቶቹ ስስ ናቸው፤ አንዴ ከጠፉ አይመለሱም።