የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች በግማሽ ቀን ለማየት

ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጣና ሐይቅ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለ ገዳም ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ከቀትር በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ መመለሻውን ያከብደዋል። ዋጋው በጀልባ ይሁን በነፍስ ወከፍ፣ የመጠበቂያው ሰዓትም የተካተተ መሆኑን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ። የገዳሙ መግቢያ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ።

ከጀልባ ስትወርዱ መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ነጠላ አትርሱ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ሕንጻው ክብ ነው፤ መሐል ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን። ሥዕሎቹ በመቅደሱ ግድግዳ የውጭ ገጽ ላይ ስለሆኑ አራቱንም ጎን ዙሩ፤ ከአንድ በር አይቶ መመለስ ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው። ስትመለከቱ መጀመሪያ ዓይን ቁጠሩ፦ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሰው ይበላ የነበረውን በላዔ ሰብን ፈልጉት፤ ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ኃጢአቱን የረታለት እሱ ነው። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ስለሆነ እርጥበት ያላቅቀዋል፤ በእጅ አትንኩ፣ አትደገፉበት፣ የካሜራ ፍላሽም አጥፉ።

በመንገድ ላይ ያለውን የደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልን ለማከል ካሰባችሁ፣ ሴቶች አይገቡበትም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይቀበላቸዋል።