የአሮጌ ቤት ቀለምና የእርሳስ ብናኝ፦ ስንጠግን የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ ሊድ፣ በአማርኛው እርሳስ፣ እንዳይገባ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዲሲ ፔትወርዝ ወይም ባልቲሞር አሮጌ የጡብ ቤት የገዛ ወገን ሁሉ ይህን ዓመት ይያዝ። ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ተመርምሮ ነፃ ነው እስኪባል ድረስ እርሳስ አለበት ብሎ መነሳት ነው። ከ1940 በፊት ከተሠሩት ቤቶች 87 በመቶው እንዳለባቸው የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይገልጻል። ቤቱን ሽጡት ማለቴ አይደለም። ያልተላጠ፣ ያልተነካ ቀለም ግድግዳው ላይ ለዓመታት ቢቀመጥ ብዙም አያሰጋም። ልጆችን የሚመርዘው ብናኙ ነው፤ ብናኙን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናስነሳው ቤት እናሳምር ብለን ራሳችን ነን።

በደረቁ መፈግፈግ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቁልፍ በተረከቡ ሳምንት፣ ዕቃ ሳይገባ እንጨርሰው ተብሎ ዘመድና ጓደኛ ይሰበሰባል። አንዱ ሳንደር የሚባለውን የመፈግፈጊያ ማሽን ተከራይቶ ይመጣል፣ ሌላው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የደረጃውን መደገፊያ ይይዛል። እስከ ማታ ቤቱ ዱቄት ይለብሳል። ማታውን ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ በነጋታው ልጆቹ ይገባሉ።

ስሌቱን እዩት። በፌዴራሉ ሕግ "የእርሳስ ቀለም" ለመባል የሚበቃው መጠን በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ነው። አንድ ስኩዌር ፊት፣ ማለትም አንድ የወለል ሴራሚክ የሚያህል ቦታ፣ 929 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ እዚያች ቦታ ላይ 929,000 ማይክሮግራም እርሳስ አለ። እሷን ብቻ ፈግፍጋችሁ ብናኙ 10 በ10 ፊት የሆነ ክፍል ወለል ላይ እኩል ቢሰራጭ በእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 9,290 ማይክሮግራም ያርፋል። በ2024 የወጣው ደንብ እርሳስ የማስወገድ ሥራ ካለቀ በኋላ ወለል ላይ እንዲቀር የሚፈቅደው በስኩዌር ፊት ከ5 ማይክሮግራም በታች ነው። ይህ ሁሉ ለመነሻው መጠን ነው፤ ሰማንያና መቶ ዓመት ሲደራረብ የኖረ ቀለም ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። አንድ መዝጊያ ስንት ሴራሚክ እንደሚያህል እናንተው ቁጠሩ።

ስለዚህ በውሃ ነው የሚሠራው። በመርጫ እየረጫችሁ፣ በእጅ መፋቂያ እየፋቃችሁ፣ ሲደርቅ መልሳችሁ እያረጠባችሁ። እንጨት ከግድግዳ ከመንቀላችሁ በፊት መጋጠሚያው ላይ ያለውን ቀለም በስለት ቅደዱት፤ ካልቀደዳችሁት እንጨቱ ሲነሳ ቀለሙ ተሰባብሮ ይረግፋል። ሶኬትና ማብሪያ አጠገብ ውሃ አትርጩ፤ እዚያ አካባቢ ያለውን አንድ ፊት ያህል በእጅ፣ በደረቁ፣ ቀስ ብሎ መፋቅ ይቻላል። ሳንደር የግድ ካስፈለገ ዙሪያውን የሚሸፍን ክዳን ያለውና ሄፓ ከሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ ከሚያስቀር ቫክዩም ጋር የተያያዘ ይሁን። በእሳት ማቃጠልና ከ1,100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ የሚያወጣ ሂት ጋን፣ ማለትም የሙቅ አየር መንፊያ፣ ክልክል ነው፤ እርሳሱ ተኖ በትንፋሽ ይገባል።

ከመጀመራችሁ በፊት የክፍሉን ዕቃ አውጡ፣ ማውጣት ያልቻላችሁትን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ የሙቀትና የማቀዝቀዣ አየር መውጫዎችን በላስቲክና በቴፕ ዝጉ። ወለሉ ላይ 6 ሚል የሚባለውን ወፍራም ላስቲክ ከሥራው ቦታ በየአቅጣጫው 6 ፊት አሳልፋችሁ ዘርጉ። ከቤት ውጭ ሲሆን 10 ፊት ይሁን፤ ነፋስ ባለበት ቀን ጭራሽ አትጀምሩ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ድረስ ወደዚያ ክፍል አይጠጉ።

"የራሴ ቤት ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገኝም"

በገንዘብ የሚሠራ ኮንትራክተር ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ፣ ከቤት ውጭ ከ20 በላይ ቀለም የሚነካ ከሆነ የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት መሆን አለበት። መስኮት መቀየር ከሆነ መጠን አይጠየቅም። ደንቡ ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በገዛ ቤቱ ለራሱ የሚሠራን ባለቤት አይመለከተውም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቤዝመንቱን ካከራያችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃናት በክፍያ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ወይም ቤት ገዝታችሁ አድሳችሁ የምትሸጡ ከሆነ ደንቡ እናንተንም ይይዛችኋል። በእኛ ማኅበረሰብ ሦስቱም የተለመዱ ናቸው። "ቀለም ይችላል" የተባለውን ልጅ ከመጥራታችሁ በፊት የምስክር ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። ማለት አይከብድም፤ እሱም ቢሆን በልብሱ ይዞት የሚገባው ወደ ራሱ ልጆች ነው።

ፊርማ ላይ መቸኮል

ሻጭ ስለ እርሳስ የሚያውቀውን መናገር፣ ለገዢም 10 ቀን የመመርመሪያ ጊዜ መስጠት ግዴታው ነው። ገዢው ግን ቤቱ እንዳያመልጠው ብሎ መብቱን በፊርማ ይተዋል። በዚያው ቅጽ ላይ ሻጩ "የማውቀው ነገር የለም" የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ብዙዎች ይህን "ቤቱ እርሳስ የለበትም" ብለው ይረዱታል። አላውቅም ነው ያለው፣ የለም አላለም።

ስትመረምሩም የምትጠይቁትን እወቁ። አንደኛው ምርመራ የእርሳስ ቀለም የት የት እንዳለ ብቻ ይነግራችኋል። ሁለተኛው፣ የአደጋ ግምገማ የሚባለው፣ ብናኙንና አፈሩን ጭምር ወስዶ አሁን የሚጎዳው የትኛው እንደሆነና ምን እንደሚደረግ ይነግራችኋል። ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ አንዱን ብቻ ምረጡ ከተባለ ሁለተኛው ይሻላል።

ከሱቅ በተገዛ መመርመሪያ ላይ ላዩን መንካት

ቀለም ሲነካ ወደ ቀይ የሚለወጠው የመመርመሪያ ዘንግ የሚያየው የነካውን ነው። ላይኛው ሽፋን ከ1990 በኋላ የተቀባ ቢሆን ምንም አያሳይም፤ እርሳሱ ከሥር አራተኛው ወይም አምስተኛው ሽፋን ውስጥ ተኝቷል። ሽፋኖቹ በሙሉ እንደ ቀስተ ደመና እስኪታዩ ድረስ በስለት ሰያፍ ቁረጡና የተቆረጠውን ጎን ፈትኑ። ልስን ላይ አትመኑት፤ በልስኑ ውስጥ ያለው ጂፕሰም እርሳስ እያለ የለም ሊያሰኘው ይችላል። ቀይ ቀለም ላይም ያሳስታል። ቁርጥራጭ ወደ ላብራቶሪ ስትልኩ ሁሉንም ሽፋን እስከ እንጨቱ ድረስ ውሰዱ፣ እንጨቱን ግን አትቀላቅሉ፤ ውጤቱን ያሳንሰዋል። ኤክስአርኤፍ የሚባለው የባለሙያ መሣሪያ ሳይቆርጥ ሁሉንም ሽፋን አሳልፎ ያነባል።

መስኮቱን መርሳት

ግድግዳው ላይ የተላጠውን ሁሉም ያያል። መስኮቱን የሚያይ የለም። በእነዚህ አሮጌ ቤቶች የእንጨት መስኮት ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ተንሸራታቹ ከጎን እንጨቱ ጋር ይፋተጋል፤ ቀለሙ ተፈጭቶ ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛውን ወደ ላይ አንሱትና ውስጠኛው ደፍና የውጪው መረብ መካከል ያለውን ቦይ ተመልከቱ። እዚያ የምታገኙት ግራጫ ዱቄት፣ የሞተ ዝንብና የቀለም ፍንጣሪ ተደባልቆ ነው። ነፋስ ሲነፍስ የሚገባው በዚያ ላይ አልፎ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ሶፋ ላይ ቆሞ አባቱን የሚጠብቀው በዚሁ መስኮት ነው። መዳፎቹ ደፉ ላይ፣ አፉም ደፉ ላይ፤ ቁመቱ እዚያው ልክ ነው።

መስኮት መቀባት መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱም ቀለም አብሮ ይፈጫል። የሚፋተጉትን ጎኖች አርጥቦ እስከ እንጨቱ መፋቅና መንሸራተቻው ላይ የፕላስቲክ ሽፋን መግጠም፣ ቦዩንም እንዲታጠብ ሆኖ በብረት ወይም በፕላስቲክ ማልበስ ይሠራል። አቅም ካለ መስኮቱን መቀየር ነው። አሮጌው ሲነቀል ግን ከሁሉ የበለጠ ብናኝ የሚወጣበት ሰዓት እሱ ነው። በሩ ሲዘጋ ከመቃኑ ጋር የሚጋጭበትን ጠርዝና የደረጃውን መርገጫም በዚሁ ዓይን እዩ።

ቀለም ደርቦ መተው

የተለመደው የግድግዳ ቀለም ለጊዜው ያስታግሳል፤ ከሥሩ ያለው ሲላጥ አብሮ ይላጣል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ወፍራም ማሸጊያ ቀለም አለ፤ እሱም ቢሆን የሚይዘው ንጹሕና ጠንካራ ገጽ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥግ ላይ ቀብታችሁ መያዙን ፈትኑ። የሚፋተግ ቦታ ላይ አይሠራም። ግድግዳው እርጥበት ካለው የሚያፈሰውን ቧንቧ ወይም ጣሪያ ሳትጠግኑ ምንም አትቀቡ።

መጥረጊያና ተራ ቫክዩም

የእርሳስ ብናኝ ደቃቅ ነው። መጥረጊያ ያስነሳዋል፤ ተራ ቫክዩም ከፊት ስቦ ከኋላ ይነፋዋል። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ቫክዩም አምጡ። ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ከሩቁ ጥግ ወደ በር እያላችሁ በቫክዩም ሳቡ፤ ከዚያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ሲደርቅ እንደገና በቫክዩም ሳቡ። ሁለት ባልዲ ያዙ፦ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ። በአንድ ባልዲ የሚወለውል ሰው ብናኙን ከጥግ ወደ ጥግ ያዞረዋል። የሥራ ልብስ አታራግፉ፣ ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ፤ ጫማ በር ላይ ይውለቅ። የወረቀት ጭንብል አይበቃም፤ ፒ100 የሚባል፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ይሁን።

ቤቱ ሥር ጎመን መትከል

በቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ለአሠርት ዓመታት የረገፈውን የውጪ ቀለም ተቀብሏል። ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ጤና አዳሙም ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ አዲስ አፈር በተሞላ ሳጥን ውስጥ ይተከል። ባዶውን መሬት በሣር ወይም በወፍራም የእንጨት ፍቅፋቂ ሸፍኑት።

"ልጁ ምንም አልሆነም"

እርሳስ በብዙ ልጆች ላይ ምልክት አያሳይም። የሚነካው አንጎል ነው፤ ትምህርት ላይ፣ ትኩረት ላይ፣ ጠባይ ላይ ከዓመታት በኋላ ይወጣል። የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ሜሪላንድ በ12ና በ24 ወር፣ ዲሲም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ እንዲመረመር ታዛለች። ከ2021 ጀምሮ ትኩረት የሚያስፈልገው በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ከጣት የተወሰደ ደም ከፍ ካለ ከደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጥ፤ ጣት ላይ የቀረ ብናኝ ቁጥሩን ያሳድገዋል። ሐኪሙ ስለ ቤቱ ሲጠይቅ፣ ከአገር ቤት የመጣ ኩል ለልጁ ትቀቡ እንደሆነ ደግሞ ንገሩት፤ ኩል የሚሠራበት ድንጋይ ራሱ የእርሳስ ማዕድን ሊሆን ይችላል።

አገር ቤት ያለውን የወላጆቻችሁን ቤት ለማሳደስ የምትልኩም አስቡበት። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ላይ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የቀድሞው የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም እዚያው ነው ያለው፤ በደረቁ አይፈግፈግ።

በዓይን አይቶ "ጸድቷል" ማለት

ለወለል ገደብ የሆነው 5 ማይክሮግራም በዓይን አይታይም። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ አየር ላይ ያለው ይረፍ። ከዚያ ባለሙያው ከወለሉ፣ ከመስኮቱ ደፍና ከቦዩ በእርጥብ ጨርቅ ናሙና ወስዶ ወደ ላብራቶሪ ይላክ። በስኩዌር ፊት ደፉ ላይ ከ40፣ ቦዩ ላይ ከ100 ማይክሮግራም በታች መሆን አለበት። ለኮንትራክተሩ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ውጤት ጋር እንዲያያዝ ውሉ ላይ አስቀድማችሁ አጽፉት። ከሦስቱ አንዱ ከወደቀ ያ ክፍል በሙሉ እንደገና ይጸዳል፣ እንደገና ይለካል፤ የሕፃኑ አልጋ የሚገባው ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።