ኤክስቴንሽን ከመስራታችሁ በፊት ትሪ ሰርቬይ እንዴት እንደሚሰራ

እንግሊዝ አገር ቤት ገዝታችሁ ከኋላ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ ልታወጡ ካሰባችሁና ግቢው ውስጥ ወይ አጥሩ ጥግ ዛፍ ካለ፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የፕላኒንግ ፈቃድ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ፣ ከመስጠቱ በፊት ትሪ ሰርቬይ፣ ማለትም ዛፎቹ ተለክተውና ተመርምረው የተመዘገቡበት ጽሑፍ፣ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት አርክቴክቱ ፕላኑን ጨርሶ፣ ሂሳቡን ከፍዬ፣ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ዛፉን አስቀድሙ፣ ፕላኑ ከዛ ይድረስ።

መጀመሪያ የካውንስሉ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ዛፉ ቲ ፒ ኦ ያለበት መሆኑን፣ ማለትም በሕግ የተጠበቀ መሆኑን፣ ቤታችሁም ኮንሰርቬሽን ኤሪያ፣ ማለትም ገጽታው እንዲጠበቅ የተከለለ ሰፈር፣ ውስጥ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ቲ ፒ ኦ ያለበትን ዛፍ ያለፈቃድ መቁረጥ ወንጀል ነው፣ ዛፉን ካጠፋችሁት የገንዘብ ቅጣቱ ጣሪያ የለውም። ኮንሰርቬሽን ኤሪያ ከሆነ ደግሞ ግንዱ ከ75 ሚሊ ሜትር የወፈረ ዛፍ ከመንካታችሁ 6 ሳምንት በፊት ለካውንስሉ ማሳወቅ አለባችሁ። ማታ ቆርጬ ልገላገል የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ተዉት በሉት።

ቀጥሎ የግቢውን ፕላን ይዛችሁ ዛፎቹን በቁጥር ምልክት አድርጉ። ባለሙያዎቹ የሚሰሩት ቢ ኤስ 5837 በሚባለው የእንግሊዝ ስታንዳርድ ነው፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣው እትም ግንዱ 75 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል። የግንዱ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለዚህ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ለ3.14 ማካፈል ነው። ግንዱን ሐረግ ከወረሰው ግን ሐረጉን ጨምራችሁ እንዳትለኩ። ቁመቱን፣ ቅርንጫፉ በአራቱም አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፣ የደረቀ ወይ የበሰበሰ ቦታ ካለ አብራችሁ ጻፉ። ስልክ ላይ ያሉትን ቁመት መለኪያ አፖች እኔ አላምናቸውም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፣ ሩት ፕሮቴክሽን ኤሪያ ይሉታል፣ ሥሩ እንዳይነካ የሚከለል መሬት ማለት ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ የግንዱን ውፍረት በ12 ታባዙና የክቡ ሬዲየስ ይወጣላችኋል። ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ነው፣ ሲባዛ 6 ሜትር፣ ማለትም ከግንዱ በየአቅጣጫው 6 ሜትር መሬት ያዘ ማለት ነው። ሬዲየሱ ከ15 ሜትር በላይ አይሄድም። ሁለት ግንድ ካለው ደምራችሁ እንዳታባዙ፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ደምሩና ስኩዌር ሩቱን አውጡ፦ 30ና 40 ከሆኑ መልሱ 70 ሳይሆን 50 ነው። ሥሩ ቅርንጫፉ የሚያበቃበት ላይ ያበቃል የሚባለውንም አትመኑ፣ ከዛ አልፎ በጣም ይሄዳል፣ አብዛኛውም ከላይ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ቁፋሮም ይጎዳዋል።

የኔ ስህተት እዚህ ጋ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ዛፎች አንድ ባንድ ለክቼ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ ኦክ ግን የኔ አይደለም ብዬ ተውኩት። ኦክ ደግሞ አጥር አያውቅም፣ ሥሩ እኔ መሠረት ላወጣ ካሰብኩበት ሥር ነበር። የካውንስሉ የዛፍ ኦፊሰር መጥቶ ከአጥሩ በላይ አንዴ ቀና ብሎ አየና "ይሄኛውስ?" አለኝ። ማመልከቻውን አንስቼ አርክቴክቱን ሁለተኛ ከፈልኩ። ከዛ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ ሳስረዳቸው፣ አሮጊቷ ራሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘውልኝ ግንዱን ዞሩልኝ፣ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት የነበረ ዛፍ እንደሆነም ነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ባንኳኳ ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበር። አጥር ማዶ ያለውን ሁሉ መዝግቡ፣ መግባት ካልቻላችሁ በግምት ለኩና "ግምት" ብላችሁ ጻፉበት።

ሰርቬዩ ላይ ለእያንዳንዱ ዛፍ የሚሰጠው ደረጃ ኤ፣ ቢ፣ ሲና ዩ ነው። ኤ ቢያንስ 40 ዓመት፣ ቢ 20፣ ሲ 10 ዓመት ይኖራል የሚባል ጥራቱም የሚታይለት ነው፣ ዩ ማለት 10 ዓመት እንኳ አይቆይም። ይሄን ግን ራሳችሁ አትስጡ፣ ካውንስሉ የሚቀበለው የዛፍ ባለሙያ የጻፈውን ነው። ክቡን ወደ አንድ ጎን ማዞርም፣ በክቡ ውስጥ በእጅ ተቆፍሮ በፓይል መሠረት (ወደ መሬት በሚገቡ ቋሚ ምሰሶዎች ላይ) መስራት ይቻላል ብሎ መሟገትም የሱ ስራ ነው። የናንተ ልኬት የሚጠቅማችሁ አርክቴክቱ ጋ ስትቀመጡ የት መስራት እንደማትችሉ ስለምታውቁ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ በክቡ ዙሪያ የሚተከለው የዛፍ መከላከያ አጥር መቆም ያለበት ቁፋሮ ማሽኑ ግቢ ከመግባቱ በፊት ነው። ቢልደሩ ሲሚንቶና ጡብ ማስቀመጫ ፈልጎ አጥሩን ገፋ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ክቡ ውስጥ አሸዋ እንኳ እንዳይከምር፣ የሲሚንቶ ማሽኑንም እዛ እንዳያጥብ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፣ ጠዋት ጠዋትም ወጥታችሁ እዩ።