የፋብሪካ ፍሳሽ ፈቃድ ስታወጡ የሚያስመልሷችሁ ስህተቶች

ናሙና በሃይላንድ አትቅዱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህችን ያዙልኝ።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ባለቤቱ የላብራቶሪ ውጤት አምጣ ይባላል። ሹፌሩን ይጠራል። ሹፌሩ ውሃ የጠጣበትን ሃይላንድ ከቱቦው አፍ ላይ ግማሽ ድረስ ይሞላና ጋቢና ውስጥ ይወረውረዋል። ከሞጆ አዲስ አበባ በዚያ ሙቀት፣ መሃል ላይ ምሳ ተበልቶ፣ ላብራቶሪ ሲደርስ ፍሳሹ ሌላ ፍሳሽ ሆኗል። ባክቴሪያው መንገድ ላይ ሥራውን ስለጀመረ ቢኦዲው (ባክቴሪያ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን ልኬት) ከእውነተኛው አንሶ ይወጣል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። በኋላ ተቆጣጣሪዎች መጥተው በደንቡ ሲቀዱ ቁጥሩ አልገናኝ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አጭበርባሪ ነህ መባል ነው። ሰውዬው እኮ አላጭበረበረም፣ የነገረው ሰው የለም እንጂ!

ስለዚህ ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ውሰዱ። የቢኦዲው እስከ አፉ ይሞላ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ በበረዶ ይያዝ፣ በዚያው ቀን ይግባ። ለጠቅላላ ክሮም (ቆዳ የሚለፋበት ብረት ነክ ኬሚካል) ሌላ ጠርሙስ ነው፣ ናይትሪክ አሲድ ይገባበታል። ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) እና ሙቀት እዚያው ቱቦው ጋ ይለካሉ። ደግሞ አንድ ጊዜ ተቀድቶ አያልቅም። ቆዳ ፋብሪካ ጠዋት የሚለቀውና ከሰዓት የሚለቀው አይመሳሰልም፤ በየሰዓቱ እየቀዳችሁ እንደ ፍሳሹ መጠን አደባልቁት።

«የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አልፌያለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?» የሚለኝም አይጠፋም። እሱ በአዋጅ 299/1995 ነው፤ ፕሮጀክቱን ያስጀምራል። ወደ ወንዝ መልቀቅ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 የራሱ ፈቃድ አለው፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ 300/1995ና የኢንዱስትሪ ብክለት ደንቡ 159/2001ም አሉ። ወደ ከተማ ፍሳሽ መስመር ከሆነ ደግሞ ጉዳያችሁ ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ጋር ነው። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ፍሳሹ የት እንደሚገባ ይወሰን።

ንጹሕ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን? ተዉት። የቆዳ ፋብሪካ የጠቅላላ ክሮም ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው፣ አዎ፣ ውሃ ብትጨምሩ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ክሮም ግን ያው ነው። የውሃ ቢላችሁን ከምርታችሁ ጋር ያስተያየ ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል።

የሚያስፈራኝ ግን የማጣሪያ ጣቢያ ንድፍ ላይ የማየው ነገር ነው። ቆዳው በክሮም ከሚለፋበት የሚመጣው መስመርና ጠጉሩ ከቆዳው ከሚለቀቅበት የሚመጣው መስመር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ። የክሮሙ ፍሳሽ አሲድ ነው፣ ያኛው ጠጉር የሚያስለቅቀው ኬሚካል፣ ሰልፋይድ፣ ያለበት። ሲገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ይገድላል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ጉድጓድ የሚያጸዳው ልጅ «ሽታው ለቀቀ» ብሎ ይወርዳል። መስመሮቹን ለዩ፣ ሰልፋይዱን መጀመሪያ ለብቻው አስወግዱ። ፋይሉን የሚያየው ሰው ባያስተውለው እንኳ ማንም ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባባችሁ።

የጣሪያ ዝናብ ከፍሳሹ መስመር ጋር አይገናኝ፤ ክረምት ላይ ጣቢያው ይጥለቀለቃል።

ከማጣሪያ ጣቢያው የሚቀረው ዝቃጭ የት እንደሚደፋ ማመልከቻው ላይ ጻፉ። «ይወገዳል» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ፋይሉ ተመልሶ ይመጣል።

ፈቃድ በእጃችሁ ካለና ማሽን ልትጨምሩ ከሆነ፣ ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ሄዳችሁ አሳውቁ። የተፈቀደላችሁ መጠን በድሮው ምርት የተሰላ ነው።