1780 የሚል ጠገራ ብር የት እንደተመታ እንዴት ይለያል?

ደሴ ላይ ብር እየገዛሁ፣ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ሰኞ ሰኞ ለገበያው ባቲ እወርዳለሁ። ጠገራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ቁጥሩን ነው። "ይኸው፣ 1780 ይላል፤ የጥንት ነው!"

ቁጥሩ ግን ዕድሜውን አይነግረንም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች ኅዳር 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታውም ጠገራ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀረ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ መትተውታል። ኋላ ደግሞ ሮም፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። ከአንገቷ በታች ያሉት "ኤስ" እና "ኤፍ" የሚሉ የላቲን ፊደላትም አያታልሏችሁ። የጉንዝቡርግ መምቻ ቤት ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው፤ ሌሎቹ ከነፊደሉ ገለበጡት።

መጀመሪያ ሐሰተኛውን አስወግዱ። ደህናው ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል። ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር። ከአንገት ጌጥ የወጣ ከሆነ ግን ማንጠልጠያው ክብደት ይጨምራል፣ መፋተጉ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ በሚዛን ብቻ አትፍረዱ፤ ጠርዙን አዙራችሁ እዩት። "ፍትሕና ምሕረት" የሚል የላቲን ጽሑፍ በጌጥ ታጅቦ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም መጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፤ ገጹም ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ታያላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። መምቻውን ብረት የሚቀርጸው ሰው እጅ ይለያያል፤ ብራና አዋቂ የአንዱን ቁም ጸሐፊ እጅ ከሌላው እንደሚለየው ማለት ነው። የሮምን ጥንታዊ ሳንቲም የሚያጠኑትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የኔሮን የነሐስ ሳንቲም አንገቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ነገር ካለበት የተመታው ሉግዱኑም ነው፤ የዛሬዋ ሊዮን። እኛም በጠገራው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ነው የምንፈልገው።

የማጉያ መነፅር ያዙና መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ብርሃኑ ከጎን ይምታው፤ ከላይ ሲመጣ ዝርዝሩን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እዩ። ዙሪያውን ስንት ሉል አለው? ሉሎቹ ተነጣጥለዋል ወይስ ተጣብቀዋል? የድሮ ነጋዴዎቻችንም እነዚህን ሉሎች ሳይቆጥሩ ብሩን አይቀበሉም ነበር። ቀጥሎ ሻሿን እዩ፤ እጥፋቱ ጥልቅ ነው ወይስ በስሱ የተጫረ?

ከዚያ ገልብጡት። እኔ ከሁሉ በላይ የምተማመነው በባለሁለት ራሱ ንስር ጅራት ነው። ላባዎቹን ቁጠሩ፤ መሃለኛው ከጎኖቹ ይረዝም እንደሆነ አስተውሉ። ፊት ለፊት ያለው ጉንጭና ፀጉር ቶሎ ይላጫል፤ ጅራቱ ግን ብዙ ጊዜ ተርፎ ይገኛል። ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችውን የተጋደመች መስቀልም አትርሱ፤ መጠኗንና ከቁጥሩ ያላትን ርቀት ያዙ።

አንድ ጠገራ ብቻውን ምንም አይልም። አምስት ስድስት ደርድሩና ተመሳሳዮቹን ለየብቻ አስቀምጡ። መምቻ ቤቱ ከታወቀ ብር ፎቶ ጋር የምታስተያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ሉሉም፣ ጅራቱም፣ መስቀሏም ካልተስማሙ ስም አትስጡት።

ታሪኩም ይረዳል። ሙሶሊኒ በፈረንጆች 1935 ጠገራውን የመምታት መብት ከኦስትሪያ ወሰደና ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ጦሩ ደሴ የገባው በቀጣዩ ሚያዝያ ነው። ቦምቤይ ደግሞ የመታው በ1940 እና 41፣ እንግሊዞች ጣልያንን ሊወጉ ሲነሱ ነው። ስለዚህ የወሎ ሴት አያት ከአንገቷ ያወረደችው ጠገራ የሮም ሥራ ቢሆን አይግረማችሁ። እናቶችን "መቼ ገባ? በጣልያን ጊዜ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?" ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ መልሱን ከፎቶው ጋር ጻፉት።

አደራ፣ በአመድም በሎሚም አትፈትጉት። ማንጠልጠያውንም አትንቀሉ። ሲነቀል ከራሷ በላይ ያሉት ፊደላት አብረው ይላጣሉ፤ ፊደላቱ ደግሞ ለመለያ ያስፈልጉናል።