ከላይ አምሮ ከስር የሚበሰብስ ዴክ፦ በብርድ አገር ሴዳር ስታሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ብርዱ ረጅም ነው። ሙቀቱ ደግሞ መጣሁ ሲል ይሄዳል። ስለዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ቤት የገዛ ሐበሻ ቶሎ የሚያምረው ነገር ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ውጭ የሚሠራ የእንጨት መድረክ፣ ነው፤ ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ የቅዳሜ ጥብሱም እዚያ ላይ ይሆናል። ከዚያ እንጨት ይመረጥ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ሴዳር ላይ ያርፋል። ጠረኑ ደስ ይላል፣ ቀላ ያለ መልኩ ያምራል፣ እግር ስር አይግልም።

ምርጫው ላይ ጠብ የለኝም። ጠቡ ገንዘቡም ሐሳቡም ከላይ በሚታየው ጣውላ ላይ ማለቁ ነው። ዴክ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከላይ አይደለም፤ ከመሬት ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ከሚገናኝበት ቦታና ከስክሩው ነው። ከላይ ሲያዩት ሸጋ፣ ውስጡን ለቄስ።

የቋሚዎቹን ጉድጓድ ማሳጠር

በጣም ውዱ ስህተት ይሄ ነው። እርጥብ አፈር ሲቀዘቅዝ ከስር ውሃ እየሳበ የበረዶ ንብርብር ይሠራል፤ ንብርብሩ እየወፈረ ሲሄድ ከላዩ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ኮንክሪት አይከብደውም። ለዚህ ነው የሚኒሶታ የግንባታ ሕግ ፉቲንግ፣ ማለትም ቋሚዎቹ የሚቆሙበት መሬት ውስጥ ያለው ኮንክሪት፣ ውርጩ ከሚደርስበት በታች ይውረድ የሚለው፦ ሁለቱ መንትያ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ባሉበት በደቡቡ ክፍል 42 ኢንች፣ በሰሜኑ ደግሞ 60 ኢንች። 42 ኢንች ከአንድ ሜትር ይበልጣል። «አፈሩ ጠንካራ ነው፣ 2 ጫማ ይበቃዋል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት።

የጉዳቱ ምልክት መጀመሪያ የሚታየው በር ላይ ነው። ኦክቶበር ላይ እንደ ልብ ሲከፈት የነበረው የውጭ በር ፌብሩዋሪ ላይ የዴኩን ጣውላ እየፋቀ አልከፈት ይላል፣ ሜይ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይከፈታል። ሰው በሩን ያስጠግናል። በሩ ምን አደረገ? ከስሩ ያሉት ቋሚዎች እኩል ስለማይነሱና ወደ ቦታቸውም እኩል ስለማይመለሱ ዴኩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጣመማል፣ ከቤቱ ጋር ያያዘውም ብሎን አብሮ ይጎተታል።

ጥልቀት ብቻውንም አይበቃም። ጉድጓዱ እንደ ካሮት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ውርጩ የኮንክሪቱን ጎን ጨብጦ ያነሳዋል። ከላይ ለስላሳ የካርቶን ቱቦ፣ ከታች ሰፋ ያለ መቀመጫ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። የጣሪያው አሸንዳም ውሃውን እዚያው ፉቲንጉ አጠገብ እንዳይደፋው አፉን ወደ ሌላ አዙሩት። የእንጨት ቋሚውን ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ውሃ እዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። ቋሚው ከኮንክሪቱ ከፍ ብሎ በብረት መያዣ ላይ ይቁም።

ቁፋሮ ከመጀመሩ ጥቂት ቀን አስቀድማችሁ 811 ደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ የጋዙና የመብራቱ መስመር የት እንደሚያልፍ መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይቀባሉ።

«የአገር ልጅ ነው» ብሎ ያለ ፐርሚት ማሠራት

ከቤቱ ጋር የሚያያዝ ዴክ ፐርሚት (የከተማው የግንባታ ፈቃድ) ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ፐርሚትን ከተማው ገንዘብ የሚለቅምበት ዘዴ አድርገን ነው የምናየው፤ ግን ኢንስፔክተሩ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት መጥቶ ጉድጓዱን ያያል፣ ያ ደግሞ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ እናንተ ልታዩት የማትችሉት ነገር ነው። ኮንትራክተሩ «ፐርሚቱን በራሳችሁ ስም አውጡት» ካለ ጠርጥሩ፤ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ላይኖረው ይችላል። የላይሰንስ ቁጥሩን ጠይቁና ከስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ። የአገር ልጅ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ወረቀት ያለው የአገር ልጅ ደግሞ የበለጠ።

ግድግዳው ላይ መቸኮል

ሌጀር የሚሉት ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚታሰረው ወፍራም እንጨት ነው፣ የዴኩን ግማሽ ሸክም የሚይዘው እሱ ነው። ዴክ ተደርምሶ ሰው ተጎዳ የሚለውን ዜና ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ይሄ እንጨት ከግድግዳው መላቀቁ አለ። ምስማር አይበቃውም። ከቤቱ የወለል እንጨት ውስጥ የሚገባ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ብሎን፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ስክሩ ያስፈልገዋል። ግድግዳው ፊቱ ጡብ ከሆነ እሱ ጡብ ለጌጥ የተለበጠ ነው፣ ሸክም አይችልም፤ ያኔ ዴኩ ቤቱን ሳይደገፍ በራሱ ቋሚዎች እንዲቆም ማድረግ ይሻላል።

ደግሞም ሰዉን አስቡ። ሕጉ ዴክ በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ቢያንስ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ይጠይቃል። እኛ ግን ዴክ ላይ ቁጭ ብለን ብቻ አንነሳም። ሠላሳ ሰው በአንድ ምት እስክስታ ሲወርድ ዴኩ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይናጣል፣ ስለዚህ ከቤቱ ጋር የሚያጠብቀውን የብረት መወጠሪያና የቋሚዎቹን ማገር ለመቆጠብ አትሞክሩ። ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ መከለያ ግዴታ ነው፣ ቁመቱ ከ36 ኢንች ሳያንስ፣ በእንጨቶቹ መሐል 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ የማያሳልፍ። የሕፃን ጭንቅላት ታስቦ ነው።

ብስባሽ የሚጀምረውም እዚሁ ግድግዳው ላይ ነው። ከሌጀሩ በላይ ፍላሺንግ፣ ማለትም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ከግድግዳው ልባስ ስር ገብቶ መቀመጥ አለበት። ከሌለ፣ በረዶው በር ስር ተከምሮ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይረጋል፣ ውሃው በስንጥቁ ወደ ቤቱ ወለል እንጨት ይገባል። ሲሊኮን መቀባት ፍላሺንግን አይተካም። አስቀድሞ የተሠራ ዴክ ካላችሁ አሁኑኑ ከስሩ ገብታችሁ ከበሩ ትክክል ያለውን እንጨት በስክሩድራይቨር ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ ቂጣ የተወጋ ያህል ከገባ የሚመጣው ሂሳብ ከዴኩም ያልፋል።

ሁሉንም ሴዳር ማድረግ

ሴዳር ለስላሳ እንጨት ነው። መበስበስን ይቋቋማል እንጂ ሸክም ላይ ጎበዝ አይደለም። ለቋሚው፣ ለቢሙ (ቋሚዎቹ ላይ ለሚጋደመው ወፍራም እንጨት) እና ጣውላውን ለሚሸከሙት አግዳሚዎች መድኃኒት የተነከረ እንጨት ይሁን፤ ሴዳሩ ለምትረግጡትና ለምታዩት ይሁን። ዋጋውም ይቀንሳል።

የማይበሰብሰውም ሁሉም ሴዳር አይደለም። መከላከያው ያለው በቀላው የግንዱ መሐል ነው፤ ከቅርፊቱ ስር ያለው ነጭ ክፍል እንደ ማንኛውም እንጨት ይበላል። ሱቅ ስትሄዱ ከላይ ያለውን አይታችሁ ክምሩን አትጫኑ፤ አንድ በአንድ አገላብጡ። ጠርዙን ይዞ የሚሄድ ነጭ ሰረዝ ያለበትን ጣውላ መልሱት፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም።

ርካሽ ስክሩ

ሴዳር ውስጥ ታኒን አለ፣ ሻይ ውስጥ ያለው ዓይነት። ተራ ብረትና ውሃ ሲያገኝ ይጠቁራል። ተራ ምስማር የተመታበት ዴክ በዓመቱ ከእያንዳንዱ ራስ ስር ኩል ያለቀሰ ይመስላል፣ ጥቁሩ በውሃ አይለቅም፤ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጠቢያ ያስፈልጋል፣ ብረቱ ካልተቀየረ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ስቴንለስ ስቲል ግዙ። ጣውላው እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅበት ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ ምስማሩን ወደ ላይ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ምስማር ሳይሆን ስክሩ። ጫፍ ላይ ሴዳር ቶሎ ስለሚሰነጠቅ አስቀድማችሁ በመሰርሰሪያ ብሱት።

ከስር ያለው መድኃኒት የተነከረ እንጨትም የራሱ ጠባይ አለው። ከ2004 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው አርሰኒክ ያለበት የድሮው ዓይነት ሳይሆን መዳብ የበዛበት ነው፣ መዳቡ አሉሚኒየምንና በስሱ ዚንክ የተነከረ ብረትን ይበላል። ማያያዣ ብረቶቹ በወፍራሙ ጋልቫናይዝድ የሆኑ (ዚንክ የተነከሩ) ይሁኑ፣ አሉሚኒየም ፍላሺንግ ደግሞ እንጨቱን በቀጥታ አይንካ።

ጣውላውን አጠጋግቶ መዝጋት

ደረቅ ጣውላ ከሆነ በመሐሉ ከ1/8 እስከ 3/16 ኢንች ክፍተት ተዉ። እርጥብ ሆኖ ከመጣ ሲደርቅ ስለሚጠብ ክፍተቱን አሳንሱት። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ ከስሩ ያሉት አግዳሚዎች ከ16 ኢንች በላይ ከተራራቁ እግር ስር ይረግባል። ዴኩን ለመሬት በጣም አቅርባችሁ ዙሪያውን በጣውላ አትድፈኑት፤ ስሩ አየር ካላገኘ ላዩ ቢደርቅም እንጨቱ ከታች ጠጥቶ ይጎብጣል።

ቫርኒሽ

ቫርኒሹ ሲያብረቀርቅ አንድ በጋ ያምራል። በዊንተር ውሃ ከስሩ ገብቶ ይረጋል፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ከዚያ መፋቅ ነው ሥራችሁ። ወደ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ፣ ቀለም ያለበት ግማሽ ግልጽ ስቴይን ተጠቀሙ፤ ፀሐይን የሚከላከለው ቀለሙ ነው፣ ውሃ የሚመስለው ጥርት ያለው ዘይት ግራጫነቱን ብዙም አያቆመውም። «ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ይቀባ» የሚለውን ምክር ተዉት፤ ፀሐይ የመታው ፊት ቀለም አጥብቆ አይዝም። እንጨቱ ሲደርቅ ቶሎ ቀቡ፣ ሌሊቱ ሳይበርድ። የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ከመገጠሙ በፊት ይቀባ፣ ውሃ ከሁሉ በላይ የሚጠጣው በጫፉ ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይደገማል፣ ማምለጫ የለውም።

ጨው፣ የብረት አካፋና ከሰል

የመንገድ ጨው ስክሩውን ይበላል፣ እንጨቱንም ያነጣል፤ ዴክ ላይ አታድርጉት፣ የሚያንሸራትት ደረጃ ላይ አሸዋ በትኑ። በረዶ ስትጠርጉ የፕላስቲክ አካፋ ይዛችሁ በጣውላው ርዝመት ሂዱ። በውሃ ግፊት የሚያጥበው መሣሪያም ግፊቱ ከበዛ የሴዳሩን ክር አንስቶ ጸጉራም ያደርገዋል።

ከሰሉስ? ቡና በከሰል ይጥማል፣ እሱን አልከራከርም። ግን የጀበናው ምድጃ ዴኩ ላይ አይቀመጥ፤ ሣር የተጎዘጎዘበት ከሆነማ ጭራሽ። አንድ ፍም በጣውላው ክፍተት ወርዶ ከስር የተከማቸ ደረቅ ቅጠል ላይ ቢያርፍ ሳታዩት ይያያዛል። ምድጃውን ግቢው ሲሚንቶ ላይ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ አያይዙና ቡናው ሲፈላ ጀበናውን ብቻ ይዛችሁ ውጡ። አመዱም የጠፋ መስሎ ቀን ሙሉ ፍም ሊይዝ ይችላል፤ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ገብቶ ከዴኩም ከጋራዡም ርቆ ይደር።